አንድ ዋይፋይ ለስምንት ሰው

በዳሞታ ተራራ ግርጌ፥ በሶዶ ከተማ ክፍል ተከራይተን የምንኖር ተማሪዎች ብዙ ጊዜ አንዱን የኢንተርኔት መስመር ለስድስት ወይም ለስምንት ሆነን እንካፈላለን። መዋጮው እኩል ነው፤ ማታ ግን አንዱ ፊልም ሲያወርድ የሌላው የጥናት ጽሑፍ አልከፈት ይላል። ከዚያ በኋላ ጠብ ይነሣል፤ ጐረቤትም ይጠረጠራል። ዳሩ ግን መሣሪያውን ከፍቶ ማን እንደ ገባ የሚመለከት ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ዋይፋዩን የሚሰጠውን አክሰስ ፖይንት እንዴት መቈጣጠርና መገደብ እንደሚቻል፥ ደግሞም ቍጥጥሩ የት ላይ ሊቆም እንደሚገባው፥ የቋንቋና የታሪክ ተማሪ በሚረዳው ቃል ለመግለጽ እንሞክራለን።

ከሁሉ አስቀድሞ መሣሪያው ሁለት የይለፍ ቃል እንዳለው ማወቅ ያስፈልጋል። አንዱ ስልካችንን ከዋይፋዩ የምናገናኝበት፥ ሁለተኛው መሣሪያውን ራሱን የምናዝበት ነው። ለማዘዝ ከመሣሪያው ጀርባ የተለጠፈውን ቍጥር፥ ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1፥ በብራውዘር የአድራሻ መስመር ላይ መጻፍ ነው። ይህ ሁለተኛው ቃል ከፋብሪካ እንደ መጣ ከተተወ ዋይፋዩን ያገኘ ሁሉ አዛዥ ሊሆን ይችላልና መጀመሪያ እርሱን መለወጥ ይገባል። ቀጥሎ የምስጢር አጠባበቁን ደብልዩ ፒ ኤ 2 ወይም 3 ማድረግ ነው፤ ደብልዩ ኢ ፒ የሚባለው አሮጌ ዘዴ በ2001 እ.ኤ.አ. ድካሙ ስለ ተገለጠ አይታመንም።

ወደ ቍጥጥሩ እንምጣ። በማዘዣው ገጽ ላይ የተገናኙት መሣሪያዎች ዝርዝር ይገኛል፤ እያንዳንዱም ማክ አድራሻ የሚባል ባለ 12 ምልክት መለያ አለው። የቤቱ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ዋይፋዩን በየስልኩ ተራ በተራ እያጠፉ፥ ጥቂት ቆይቶም ገጹን እያደሱ፥ ከዝርዝሩ የወጣውን በባለቤቱ ስም መመዝገብ ነው። በመጨረሻ ባለቤት ያጣ ቢቀር እርሱ እንግዳ ነው። ነገር ግን ከአንድሮይድ 10 ወይም ከአይ ኦ ኤስ 14 ወዲህ ብዙ ስልኮች እውነተኛውን መለያቸውን ደብቀው ሌላ ስለሚያሳዩ፥ ያላወቅነውን ቍጥር ሁሉ ሌባ ለማለት አንቸኵል። ሌላም ችግር አለ፤ መብራት ሲጠፋ የብዙዎቹ መዝገብ ይጠፋል፥ ሰዓታቸውም ይዛባል። ሰዓቱ ደኅና ቢሆን እንኳ መዝገቡ 20:00 የሚለው በእኛ አቈጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። በዚህ ስሕተት ብቻ ያልነበረ ሰው ሊከሰስ ይችላል።

ስለ መገደብ ብዙ ሰው የሚመርጠው ማክ አድራሻን መከልከል ነው። እኛ በዚህ አንመካም፤ መለያውን መለወጥ ቀላል ነውና። የዋይፋዩን ስም መደበቅም እንዲሁ የሚፈልገውን አያግደውም። እንግዳን በርግጥ የሚያስወጣው የይለፍ ቃሉን መለወጥ ነው። ለጠያቂ ዘመድና ጓደኛም በመሣሪያው ላይ ካለ የእንግዳ ዋይፋይ ለብቻው ይከፈትለት።

የእርስ በርሱ ጠብ ግን በመከልከል አይፈታም፤ በልክ ነው። መስመሩ 10 ሜጋቢት ቢሆን ለስምንት ሲካፈል ለአንዱ 1.25 ይደርሰዋል። ይህን ክፍያ አጥብቆ መያዝ ሞኝነት ነው፤ ሰባቱ ተኝተው አንዱ ሲያጠና የቀረው በከንቱ ያልፋልና። መሣሪያው የሚፈቅድ ከሆነ ከምሽቱ 1 እስከ 5 ሰዓት ለእያንዳንዱ ከ3 ሜጋቢት እንዳያልፍ መወሰን ይሻላል፤ ሁለት ሰው ፊልም ቢያወርድ እንኳ ለቀሩት 4 ይተርፋል። ከ5 ሰዓት በኋላ ገደቡ ይነሣ።

አሁን ከባዱ ጥያቄ ይመጣል። አዛዡ ምን ያያል? ዛሬ አብዛኛው ገጽ በምስጢር ስለሚላክ የደብዳቤያችንን ቃል አያነብም፤ ነገር ግን በአንዳንድ መሣሪያ ማን በስንት ሰዓት የየትኛውን ድረ ገጽ ስም እንደ ጠራ ሊያይ ይችላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትንና የመልእክትን ምስጢር ይጠብቃል፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958/2008ም ያለ ፈቃድ መልእክት መጥለፍን ወንጀል አድርጎታል። እንግዲህ ለእኛ ቤት የሚያስፈልገው ማን ምን ያህል እንደ ተጠቀመ ማወቅ እንጂ ማን ምን እንዳነበበ መመርመር አይደለም። የድረ ገጽ መዝገብ የሚይዘው ክፍል ይዘጋ። የአዛዡን ቃል በስምምነት የተመረጡ ሁለት ሰዎች ይያዙት፤ ገደቡን ሲለውጡም አስቀድመው ለሁሉ ይንገሩ። አንድ ተከራይ ቤቱን ሲለቅ ሁለቱም ቃላት በዚያው ዕለት ይለወጡ።