መሬት ሲታረስ የማይቆጠረው ሒሳብ

ከጎንደር ወደ ሁመራ የሚወስደውን መንገድ ይዞ የላይ አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ትክል ድንጋይ የሚጓዝ ሰው በግራም በቀኝም የሚያየው አብዛኛው መሬት እርሻ ነው። ተዳፋቱ ሳይቀር ታርሷል። በመካከሉ አረንጓዴ ሆኖ ጉብ ያለ ስፍራ ቢታይ ብዙውን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው፤ ጽዱና ወይራው በዚያ ተጠልሎ ቀርቷል። ይህን ያየ መንገደኛ «መሬቱ ሥራ ላይ ውሏል» ሊል ይችላል። ከመታረሱ በፊትስ ሥራ ፈት ነበርን?

ሊቃውንት «የሥነ ምህዳር አገልግሎት» የሚሉት ተፈጥሮ ለሰው ልጅ ያለ ደመወዝ የምትሠራውን ሥራ ነው። እህል፣ ማገዶ፣ ሣርና ማር ከዚሁ ይቆጠራሉ፤ እነዚህ ገበያ ስለሚወጡ ዋጋቸውን ሁሉም ያውቃል። የሚዘነጉት ሌሎቹ ናቸው። በዛፍና በሣር የተሸፈነ ኮረብታ የክረምቱን ዝናብ ኃይል ያበርዳል፤ ውሃውንም ወደ ውስጥ ያሰርጋል፤ ያም ውሃ በዝግታ ተጉዞ በበጋ ከግርጌው ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ኮረብታው ሲመነጠርና ሲታረስ ግን የሐምሌ ዝናብ ለመስረግ ጊዜ አያገኝም፤ አፈሩን ጠርጎ በአንድ ቀን ይወርዳል። የክረምቱ ጎርፍና የበጋው የምንጭ መድረቅ እንግዲህ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ጉዳቱም በዚህ አያበቃም። እንጨት ሲጠፋ ኩበት ይነዳል፤ ኩበት ሲነድ ማሳው ፍግ ያጣል፤ ምርቱ ሲያንስም ገበሬው የቀረውን ግጦሽ ለማረስ ይገደዳል።

ይህን ሥራ በገንዘብ ለመተመን የሞከሩ አሉ። ሮበርት ኮስታንዛና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት የዓለም ሥነ ምህዳር በየዓመቱ የሚሰጠውን አገልግሎት በአማካይ 33 ትሪሊዮን ዶላር ብለው ገመቱት፤ ይህም የዚያን ጊዜ የአገሮች ሁሉ ዓመታዊ ምርት ተደምሮ ከሚደርስበት ይበልጥ ነበር። በክልላችንም ከባሕር ዳር በስተደቡብ ባለው የአንዳሳ ተፋሰስ ተመሳሳይ ስሌት ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1985 ወደ 26.8 ሚሊዮን ዶላር የተገመተው የተፋሰሱ ዓመታዊ አገልግሎት በ2015 ወደ 21 ሚሊዮን ወርዶ ተገኝቷል። ምክንያቱ እርሻና ሰፈራ እየሰፉ ደን፣ ቁጥቋጦና የሣር መሬት መመናመናቸው ነው።

በእኔ ግምት ከድምሩ ይልቅ የሚታመነው አቅጣጫው ነው። የስሌቱ መንገድ ለእያንዳንዱ የመሬት ዓይነት በሄክታር ዋጋ መድቦ በስፋቱ ማባዛት ሲሆን ዋጋው ብዙ ጊዜ ከሌላ አገር ጥናት የተወሰደ ነው። ከሰማይ በተነሣ ሥዕል ላይ የባሕር ዛፍ ተክል ደን መስሎ ሊቆጠር ይችላል። ባሕር ዛፍ ለባለቤቱ ጥሩ ገንዘብ ያስገኛል፤ ይህን አንንቅም፤ ነገር ግን ውሃ በብዛት ይጠጣል፤ ከሥሩም ሣር እንደ ወይራው ጥላ አይበቅልም። ከሁሉ በላይ ሰንጠረዡ ኪሣራውን ማን እንደሚከፍል አይናገርም። ምንጩ በመድረቁ እንስራ አዝላ ሁለት ሰዓት የምትጓዝ ልጅ በዶላሩ ውስጥ አትታይም።

ከፋዩ ብዙ ጊዜ ካራሹ ሌላ ሰው ነው። በጎንደር አካባቢ አንገረብ የሚባሉ ሁለት ወንዞች አሉ። አንዱ ከጎንደር በስተሰሜን ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ይፈስና አትባራን ይቀላቀላል። ሌላው በጎንደር ከተማ በኩል አልፎ በመገጭ አማካይነት ጣና ይገባል። በዚህ በሁለተኛው ላይ ለከተማይቱ መጠጥ ውሃ የተሠራው ግድብ ከላዩ ካለው ተዳፋት ታጥቦ በሚመጣ ደለል ውሃ የመያዝ አቅሙ ቀንሷል። ተራራው ላይ አንድ ሰው ጥቂት ኩንታል ጤፍ ሲያገኝ፣ ከታች ባለው ከተማ ሌላው ጄሪካን ይዞ ይሰለፋል።

ገበሬውን ለመክሰስ አይደለም። መሬት የሌላቸው ወጣቶች በየቤቱ ተቀምጠው ሳሉ «ኮረብታውን አትንኩ» ማለት ብቻውን ፍርድ አይሆንም። ከግጦሽ የተከለለ ተዳፋት በጥቂት ዓመታት ሣር እንደሚያበቅል፣ ሣሩም ታጭዶ ለከብት እንደሚሆን፣ ቀፎም እንደሚሰቀልበት በብዙ ስፍራ ታይቷል። ጥቅሙ መሬት ላጡት ወጣቶች ቢሰጥ ጥበቃውም የእነርሱ ይሆናል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ከተማሪዎቻችሁ ጋር ይህን አድርጉ። በየመንደሩ ያሉትን አረጋውያን በልጅነታቸው እስከ ፋሲካ የማይደርቁ ምንጮች የትኞቹ እንደ ነበሩ፣ በላያቸው ባለው ተዳፋትም ምን ይበቅል እንደ ነበር ጠይቁ። ዛሬ የደረቁትን ለይታችሁ ስማቸውን ጻፉ። በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ አንድ ኮረብታ ለእርሻ ይከፋፈል የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ያ ወረቀት በጠረጴዛው ላይ ይኑር።