በረኪናውን ቸለስ አታድርጊው

የእህቴ ልጅ፣ ጭማቂ ቤቱን መክፈትሽ እሰየው ነው። ባለፈው እሑድ ብቅ ስል ግን ገና ከደጅ ዓይኔ እንባ አቀረረ። የቀጠርሻት ልጅ በረኪናውን ከጠርሙሱ በቀጥታ ወለሉ ላይ ቸለስ ታደርጋለች። አንቺ ደግሞ «እትዬ፣ ሽታው ራሱ ንጹሕ ንጹሕ ይላል» አልሽኝ። ሠላሳ ዓመት ሆስፒታል ውስጥ በረኪና ስበጠብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሽታ ምስክር አይሆንም። እስቲ ስሚኝ።

1. ከሁሉ በፊት ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን አንብቢ። ለቤት የሚሸጠው በረኪና ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ ገደማ ነው። የጠርሙሱን ቁጥር ለምትፈልጊው ቁጥር አካፍዪና አንድ ቀንሺ፤ የሚቀረው የውሃው እጅ ነው። ለምሳሌ 0.5 በመቶ ከፈለግሽ፣ 5 ለ0.5 ሲካፈል 10፣ አንድ ሲቀነስ 9። አንድ ሲኒ በረኪና፣ ዘጠኝ ሲኒ ውሃ ማለት ነው። ሲኒው ትልቅም ይሁን ትንሽ ግድ የለም፤ ብቻ በአንዱ ለኪ። (ከዚያ ወዲያ ቡና አይቀዳበትም!) ይህን ያህል የሚበረታው ግን ለደምና ለትውከት ነው። ለአንቺ ወለልና መጸዳጃ 0.1 በመቶ ይበቃል፤ በ10 ሊትር ባልዲ ውሃ 200 ሚሊ ሊትር።

2. ባንኮኒውና መክተፊያው ምግብ ስለሚነካቸው ከዚያም ይሳሳል፤ ለ1 ሊትር ውሃ 4 ሚሊ ሊትር ብቻ። በግምት አይሆንም። ከመድኃኒት ቤት በሚገዛ ባለ 5 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ያለ መርፌው ለኪ። ለብርጭቆ በ5 ሊትር ውሃ 10 ሚሊ ሊትር አድርገሽ፣ የታጠበውን አንድ ደቂቃ ያህል ነክረሽ ደፍተሽ አንጠፍጥፊ። በጨርቅ አትወልውዪው፤ ጨርቁ ጀርም ያመጣበታል።

3. በረኪና ሳሙና አይደለም። ቆሻሻ ካገኘ ከቆሻሻው ጋር ሲታገል ያልቃል፣ ለጀርሙ የሚተርፍ ኃይል የለውም። እሑድ ዕለት የጁስ መፍጫሽን ምላጭ ፈትቼ አየሁት። ከሥሩ ያለችው ክብ ጎማ ዙሪያዋን የጠቆረ አቮካዶ ይዛለች። እንዲያ ሆና የፈለግሽውን ያህል በረኪና ብታፈሺባት ዋጋ የለውም። ማታ ማታ ፍቺያት፣ በላርጎ እሺያት፣ አለቅልቂያት፣ ከዚያ ወደ በረኪናው። ወለሉም እንዲሁ፤ ቀድሞ ይታጠብ፣ ከዚያ የተበጠበጠው 10 ደቂቃ እርጥብ እንደሆነ ይቆይበት። ልጅቷ ወዲያው እየጠረገች ታነሣዋለች።

4. በቀዝቃዛ ውሃ። ሙቅ ውሃ ያደክመዋል፤ ፀሐይም ያደክመዋል። ጠዋት የበጠበጥሽውን ማታ ድፊው።

5. ይህን ሁለት ጊዜ አንብቢው። ሎሚ፣ አቼቶ፣ የመጸዳጃ ዝገት ማስለቀቂያ አሲድ ከበረኪና ጋር አይገናኙም። ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በ1915 እ.ኤ.አ. ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር አጠገብ ጀርመኖች ምሽግ ላይ የለቀቁት ያው ነው። አንድ የሥራ ባልደረባችን መጸዳጃውን በአሲድ ካሸች በኋላ «ይበልጥ ይንጣ» ብላ በረኪና ደረበችበት። በሩ ደግሞ ዝግ ነበር። ደረቷን ይዛ እየተንገዳገደች ወጣች፣ ኦክስጅን አድርገንላት ነው ትንፋሿ የተመለሰው። አንቺ ዘንድ የሎሚ ጭማቂ ባንኮኒው ላይ ሲፈስ ይውላል፤ ቀድመሽ በውሃ አጥቢው። አሞኒያ ያለበት ማጽጃም ክፉ ጋዝ ያመጣል። ሽንት ውስጥም አሞኒያ አለና መጸዳጃው ላይ መጀመሪያ ውሃ ልቀቂ። የሚያንቅ ሽታ ከመጣ ባልዲውን ትታችሁ ሁላችሁም ውጡ።

6. ሃይላንድ ውስጥ አትገልብጪው። ጭማቂ ቤት ነው፤ «ውሃ ስጪኝ» የሚል ልጅ አይጠፋም። ሰው ከዋጠው አፉን አስጉመጥምጪው፣ አታስመልሺው፣ ጠርሙሱን ይዘሽ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጪ።

7. ፍራፍሬውን በረኪና ውስጥ የሚዘፈዝፉ አሉ። እኔ አላደርገውም። አቮካዶና ማንጎ ሳይቆረጡ በሚፈስ ውሃ ሥር በብሩሽ ይታሹ፤ ቢላዋ የልጣጩን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይዞ ስለሚገባ ነው። ቢላዋውንም ቢሆን በረኪና ውስጥ አታሳድሪው፣ ብረት ይበላል።

8. ለልጅቷ የጎማ ጓንት ግዢላት። እጇን አይተሽዋል? ጣቶቿ መሐል ተልጧል፤ ስጠይቃት «ብርዱ ነው» አለችኝ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰው ሳይገባ እመጣለሁ። ስሪንጁን እኔው ይዤላት እመጣለሁ፤ አንቺ ባልዲው ላይ የ10 ሊትሩን መሥመር በቀለም አስምሪ።