ትምህርት 7፦ ወንጌልን ይዘው ባሕር የተሻገሩ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ባለፈው ትምህርታችን ፊልጶስ በጋዛ መንገድ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ አግኝቶ እንዳጠመቀው ተምረናል (ሐዋ. 8፥26-39)። ጃንደረባው እምነቱን ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ። ዛሬ ደግሞ ከአገራችን ተነሥተው፣ ባሕር ተሻግረው፣ በማያውቁት ሕዝብ መካከል ስላስተማሩ አባቶችና ስለ ቤተ ሰቦቻቸው እንማራለን። ሐዋርያ የሚለው ቃል «ሖረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ መሆኑን ልብ በሉ። ሖረ ማለት ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ሐዋርያ የሚሄድ፣ የሚላክ ሰው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ እኛም የተላከልን መሆናችንን አንርሳ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከጢሮስ አገር የተነሣ አንድ ፈላስፋ ሁለት ልጆችን ይዞ በመርከብ ይጓዝ ነበር። የልጆቹ ስም ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ ነው። መርከቡ ቀይ ባሕር ዳር ሲደርስ ሰዎች አደጋ ጣሉበት፤ ፈላስፋውና መርከበኞቹ ተገደሉ። ሩፊኖስ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ እንደሚነግረን፣ ሁለቱ ልጆች በዚያን ሰዓት የተገኙት ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ነው። (የቤት ሥራ መሥራት ምን እንደሚጠቅም አያችሁ?) ወደ አክሱም ንጉሥ ተወሰዱ፤ በቤተ መንግሥቱም አደጉ። ፍሬምናጦስ ኋላ ወደ እስክንድርያ ሄዶ ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀበለ። ወደ አክሱምም ተመልሶ አስተማረ። እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብለን የምንጠራው እርሱን ነው። እንግዲህ ወንጌልን በአገራችን ያስፋፋው አባት ወደ እኛ የመጣው በእናንተ ዕድሜ ነበረ፤ ቋንቋችንንም የተማረው እንደ እናንተ ከዜሮ ጀምሮ ነው።

አሁን ወደ ዛሬው ዋና ታሪክ እንለፍ።

ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶ፣ በአሜሪካ አህጉር አጠገብ ጃማይካ የምትባል ደሴት አለች። ዋና ከተማዋ ኪንግስተን ይባላል። በተራሮቿ ላይ የሚበቅለው ቡና በዓለም የታወቀ ነው፤ የዚያ ቡና ዘር ግን መጀመሪያ የተገኘው በእኛው አገር ነው። ከሕዝቧ የሚበዛው ከአፍሪካ በግድ በመርከብ ተጭነው፣ ለባርነት ተሸጠው ወደዚያ የተወሰዱ ሰዎች ልጅ ልጅ ነው። ወላጆቻቸው አገራቸውንና ቋንቋቸውን፣ ስማቸውን ጭምር ተነጥቀዋል። እነዚህ ሰዎች መጽሐፍ ቅዱስ ሲያነቡ በመዝሙረ ዳዊት የኢትዮጵያን ስም አገኙ (መዝ. 67፥31)። የተነጠቁትን አገር ያገኙ ያህል ደስ አላቸው።

በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ ወሬው እስከ ጃማይካ ደረሰ። ከዚያ በኋላ አንዳንዶቹ «ይህ ንጉሥ አምላክ ነው» ማለት ጀመሩ። ራስታፋራውያን የሚባሉት እነርሱ ናቸው፤ ስማቸውም ከራስ ተፈሪ ስም የመጣ ነው። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ጃማይካን ሲጎበኙ የአውሮፕላን ማረፊያው በሕዝብ ተጥለቀለቀ። ሕዝቡ ጠባቂዎቹን አልፎ አውሮፕላኑን ስለ ከበበው፣ ንጉሡ ቶሎ መውረድ እንኳ አልቻሉም ነበር።

ልጆች፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። እነዚህ ሰዎች ኢትዮጵያን እጅግ ይወዳሉ። ነገር ግን ንጉሥ ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ አይመለክም። አስተማሪ ሆናችሁ ብትላኩ ምን ትሏቸዋላችሁ? «ተሳስታችኋል» ብሎ መቆጣት ቀላል ነው፤ ከተቆጣችኋቸው ግን ይሸሻሉ። ዝም ማለትም ቀላል ነው፤ ዝም ካላችሁ ግን እውነቱን ደበቃችሁባቸው።

ይህ ከባድ ሥራ የተሰጠው ለአባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ ነበር። ስማቸውን ተመልከቱ፤ ላእክ ማለት የተላከ፣ አገልጋይ ማለት ነው። አባ ላእከ ማርያም በአሜሪካ አገር ነገረ መለኮት የተማሩ መነኩሴ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያናችን በትሪኒዳድና በጉያና ከ1940ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ምእመናን ነበሯት፤ እርሳቸውም በእነዚያ ደሴቶችና አገሮች እየተዘዋወሩ አገልግለዋል። ወደ ጃማይካ የሄዱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 ነው። ማክስፊልድ አቬኑ በሚባለው መንገድም በቅድስት ሥላሴ ስም ቤተ ክርስቲያን ተተከለ።

እንዴት አስተማሩ? ሕዝቡን ሳይንቁ፣ ለኢትዮጵያ ያላቸውን ፍቅር ሳያጣጥሉ፣ ነገር ግን ጥምቀት በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ብቻ እንደሚፈጸም ሳያለሳልሱ ነገሯቸው። «በንጉሡ ስም አጥምቁን» ለሚሉት እሺ አላሉም። ከዚህ የተነሣ ያዘኑባቸው፣ የተለዩአቸውም ነበሩ፤ እስከ ዛሬም በቀድሞ አሳባቸው የጸኑ አሉ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ግን ተጠመቁ። ሲጠመቁም የክርስትና ስም ተሰጣቸው። ስም ተነጥቆ ለኖረ ሕዝብ ይህ ምን ያህል እንደሆነ እኔ እናንተን ማስረዳት አልችልም።

ከተጠመቁት አንዱ በዓለም ሁሉ የታወቀው ዘፋኝ ቦብ ማርሌይ ነው። በእርሱ ቤት አስቀድመው የተጠመቁት ባለቤቱና ልጆቹ ነበሩ፤ አባት የመጣው ኋላ፣ በ1973 ዓ.ም. ታሞ ሳለ ነው። የክርስትና ስሙ ብርሃነ ሥላሴ ተባለ። በዚያው ዓመት ግንቦት 3 ቀን ዐረፈ፤ ጸሎተ ፍትሐቱም በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ተደረገለት።

አባ ላእከ ማርያም ኋላ አቡነ ይስሐቅ ተብለው የምዕራቡ ንፍቀ ክበብ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ። ታኅሣሥ 20 ቀን 1998 ዓ.ም. በአሜሪካ ዐረፉ። የተቀበሩት ግን በኪንግስተን፣ በዚያው በልጆቻቸው መካከል ነው።

አቡነ ይስሐቅ መነኩሴ ስለ ነበሩ የሄዱት ብቻቸውን ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ግን ሰው አግብቶ ከዚያ ቅስና ሊቀበል ይችላል። እንዲህ ያለው ካህን ወደ ውጭ አገር ሲላክ ሚስቱና ልጆቹም አብረው ይላካሉ። ዛሬ በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በአውስትራሊያ እንዲህ የሚኖሩ ብዙ የካህናት ቤተ ሰቦች አሉ። አባት በሰንበት ይቀድሳል፤ በሌላው ቀን ብዙ ጊዜ ለእንጀራ ሌላ ሥራ ይሠራል። እናት የሰንበት ትምህርት ቤቱን ሕፃናት ትይዛለች። የራሳቸው ሕንጻ የሌላቸው አጥቢያዎች አዳራሽ ተከራይተው ይጸልያሉ፤ ከቅዳሴ በኋላ ልጆቹ ምንጣፉን ይጠቀልላሉ፣ ከበሮውንና ጸናጽሉን ያነሣሉ፤ ለሚቀጥለው ሰንበት እንደገና ይዘረጋሉ።

ለልጆቹ ከባዱ ግን ምንጣፍ ማንሣት አይመስለኝም። ረቡዕና ዓርብ በትምህርት ቤት ምሳ ሰዓት ጓደኞቻቸው «ሥጋ ለምን አትበላም?» ይሏቸዋል። የክፍል ጓደኞቻቸው ገናን ካከበሩ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ሲል፣ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ የእኛው ልጆች በዓላቸውን ያከብራሉ፤ በዚያ ቀን ግን ትምህርት ቤቱ ክፍት ነው። ሁልጊዜ ማስረዳት አለባቸው። እናንተ ግን አገና ውስጥ ስትጾሙ የሚጠይቃችሁ የለም፤ ጎረቤቱም ይጾማልና።

የቋንቋም ነገር አለ። በዚያ የተወለዱ ልጆች ቀ፣ ጠ፣ ጸ የሚሉት ፊደላት ያስቸግሯቸዋል፤ «ቃል» በሉ ሲባሉ «ካል» ይላሉ። አትሳቁ! እንግሊዛውያን ምላሳቸውን በጥርሳቸው መካከል አድርገው የሚያወጡትን ድምፅ እኛም በትክክል አንለውም። ይልቁንም የእነዚያን ልጆች ችግር ከእናንተ ይበልጥ የሚረዳ የለም። እናንተ እቤት ከእናታችሁ ጋር በጉራጊኛ ትጫወታላችሁ፤ ትምህርት ቤት በአማርኛ ትማራላችሁ፤ ቅዳሴ ላይ ደግሞ ግእዝ ትሰማላችሁ። ከሦስቱ አንዱም ሌላውን አላጠፋባችሁም። አንዲት ልጅ በክፍል ውስጥ «የኔታ፣ እግዚአብሔር ጉራጊኛ ይሰማል?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። በበዓለ ኀምሳ የሆነውን አንብባ እንድትነግረኝ ሐዋ. 2፥1-11ን ሰጠኋት፤ እናንተም አንብቡት።

በዚህ ምክንያት ነው ቅዳሴያችን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 በአዲስ አበባ በእንግሊዝኛ የታተመው። በካሪቢያን ባሉ አብያተ ክርስቲያናችን ዛሬም ምእመናኑ ቅዳሴውን በአብዛኛው የሚሰሙት በእንግሊዝኛ ነው፤ ጥቂት የግእዝ ዜማ ግን ሁሉም በቃላቸው ያውቃሉ።

ስለ ናፍቆት ብዙ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ከመካከላችሁ አባቱ ወይም ወንድሙ አዲስ አበባ ሠርቶ ለመስቀል ብቻ የሚመጣለት ልጅ ብዙ ነው። የተላከ ካህን ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ለመስቀልም አይመጣም፤ አያቶቹን በስልክ ድምፃቸው ብቻ የሚያውቅ አለ።

መልመጃ፦ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ ሲገኙ ምን ያደርጉ ነበር? አባ ላእከ ማርያም ለራስታፋራውያን እሺ ያላሉት ምን ነበር? ለምን? እነዚህን ሁለቱን በቃል ትመልሳላችሁ። ሦስተኛውን ግን በደብተራችሁ ጻፉ፦ አንዲት የጃማይካ ልጅ መጥታ በእናንተ አግዳሚ ወንበር ላይ ብትቀመጥ፣ ከፊደል ገበታ የትኛውን ፊደል አስቀድማችሁ ታስተምሯታላችሁ? ከእርሷስ ምን ትጠይቃላችሁ? ለሚመጣው ሰንበት ይዛችሁ ኑ።