ጋሼ፣ ይህን ሰው ላንብበው?

ልጄ፣

ባለፈው እሑድ ገና ቶናው ሳይወርድ ከቦርሳሽ መጽሐፍ አውጥተሽ «ጋሼ፣ ይህን ሰው ላንብበው ወይስ ጊዜዬን ያባክንብኛል?» አልሽኝ። ሽፋኑን ሳየው አላን ደ ቦተን ነው። እኔ እሱን ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ተከራክሬ ከገዛሁት ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ቤቱ ሰው ሞልቶት ስለነበር ሳልመልስልሽ ቀረሁ። እነሆ መልሴ፣ እንደ ልማዴ በቁጥር።

፩. አንብቢው። «ፈላስፋ አይደለም» የሚሉሽ እውነታቸውን ነው፤ እሱ የፈላስፎች ደላላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ዙሪክ ተወለደ፤ እንግሊዝ አገር አደገ፤ ካምብሪጅ ታሪክ አጠና፤ ለንደን ፍልስፍና ተማረ፤ ለዶክትሬት ሃርቫርድ ገብቶ ትቶት ወጣና መጽሐፍ መጻፍ ጀመረ። በ1993 ስለ ፍቅር የጻፈው የመጀመሪያ መጽሐፉ ሲወጣ 23 ዓመቱ ነበር። አንቺ 24 ነሽ፤ ለማስጨነቅ ብዬ አይደለም።

፪. በ2000 በወጣው «የፍልስፍና መጽናኛዎች» ጀምሪ። ስድስት ፈላስፎችን ጠርቶ ለያንዳንዳቸው አንድ ሕመም ይሰጣቸዋል። ሰው የጠላውን ሶቅራጥስ ያክመዋል፤ ገንዘብ ያጠረውን ኤፒኩሮስ፤ ነገር አልሆን ብሎት የተበሳጨውን ሴኔካ፤ ልቡ የተሰበረውን ሾፐንሃወር። ርእሱን የወረሰው ከቦኤትየስ ነው፤ ያ ሰው የራሱን መጽናኛ የጻፈው እስር ቤት ሆኖ ሞቱን ሲጠብቅ ነበር። ደ ቦተን ደግሞ ደህና ወንበር ላይ። ልዩነቱ ገጹ ላይ ይታወቃል፤ ቢሆንም አልከፋም።

፫. «የደረጃ ጭንቀት»ን ግን ቀስ ብለሽ አንብቢ። የ2004 መጽሐፍ ነው። ስለሱ አንድ ነገር ላጫውትሽ።

የዛሬ ስንት ዓመት አንድ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጫለሁ፤ ንፍሮ በእጄ ይዣለሁ። አዲስ መኪና መጥቶ ቆመ። የወረደው አንድ ወንበር ተጋርተን የተማርን፣ ሒሳብ ከኔ ይኮርጅ የነበረ ሰው ነው። ድንኳኑ በሙሉ ተነሣለት። እኔም ተነሣሁ። ስቀመጥ ንፍሮው ጣዕሙ ጠፍቶብኛል። ልብ በይ፣ በየቀኑ ፎቅ ባላቸው ሰዎች ደጃፍ ሳልፍ ምንም አይሰማኝም፤ ያቃጠለኝ የኮራጁ መኪና ነው።

መጽሐፉ የሚፈታው ይህንኑ ነው። የምንቀናው በሩቅ ባለጠጋ ሳይሆን እኩያችን ነው በምንለው ሰው ነው። ለዚህም በ1831 አሜሪካን ሊያይ የሄደውን ፈረንሳዊ ቶክቪልን ይጠራል፦ ሰው ሁሉ እኩል ነው በተባለበት አገር፣ ጎረቤቱ የቀደመው ሰው የሚያሳብበው ነገር የለውም፤ ጥፋቱ የራሱ ብቻ ይመስለዋል። ያን ጊዜ ፌስቡክ የለ፣ ቲክቶክ የለ። አንቺ ስልክሽ ውስጥ የክፍል ጓደኞችሽን በሙሉ ይዘሽ ነው የምትተኚው።

፬. «የጉዞ ጥበብ»ን ስታነቢ ተጠንቀቂ። ባርቤዶስ ደሴት ድረስ በርሮ ሄዶ፣ ያንኑ ጭንቀታም ራሱን ይዞት እንደሄደ የሚያውቀው እዚያ ደርሶ ነው፤ ከወዳጁም ጋር በጣፋጭ ምግብ ይጣላል። ስቄበታለሁ፤ እውነትም ነው። ግን ይህ ለዕረፍት የሚሄድ ሰው እውነት ነው። ከቦሌ ተነሥታ ቤይሩት ወይም ሪያድ ለሰው ቤት ሥራ የምትሄደዋን ልጅ «ችግርሽ ከራስሽ ጋር ይሄዳል» ብትያት ስድብ ነው። እሷ የምትሸሸው ራሷን አይደለም፤ የቤት ኪራይንና የታናናሾቿን የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ደ ቦተን እዚህ ላይ ዝም ይላል።

፭. ትዳርን በተመለከተ፣ በ2016 ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ የማይሆነንን ሰው ለምን እንደምናገባ የጻፈውን ፈልገሽ አንብቢ። በዚያ ዓመት ከጋዜጣው ጽሑፎች ሁሉ ይበልጥ የተነበበው እሱ ነው። ፍጹም ሰው የለም፣ የሚፋቀሩ ሰዎች ገና ከጅምሩ የጠባያቸውን ጉድለት ይነጋገሩ ነው የሚለው። የኛ ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጥራሉ እንጂ ልጁ ሲናደድ በር በኃይል ይዘጋል ወይ ብለው አይጠይቁም። እኔም ስንት ጊዜ ሽምግልና ሄጃለሁ፤ አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

፮. ጥቅስ እየቆረጥሽ ቴሌግራም ላይ አትለጥፊ።

፯. ሰውየውን ከመጽሐፉ ጋር አታምታቺ። ስለ ንዴት በሴኔካ አፍ ያን ያህል የመከረን ደ ቦተን፣ በ2009 ስለ ሥራ የጻፈውን መጽሐፍ አንድ ሐያሲ ሲነቅፍበት በአደባባይ እርግማን የሚመስል መልስ ሰጠ። አንዳንዱ ሰው ይህን ሰምቶ መጽሐፎቹን ወረወረ። እኔ ግን መድኃኒቱን የሚጽፈው ራሱ ታሞ መሆኑን ስላወቅሁ የበለጠ አመንኩት።

፰. ከሱ ስትጨርሺ ወደ ጠቀሳቸው ሰዎች ሂጂ። የሴኔካ ደብዳቤዎች አጫጭር ናቸው፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆነሽ አንዱን ትጨርሻለሽ። ከስድስቱ አንዱ የሆነው ሞንቴይን ረዘም ይላል፤ እሱን ለክረምት አቆዪው።

የኔን «የደረጃ ጭንቀት» በእናትሽ ልኬልሻለሁ። በእርሳስ ያሰመርኩበትን እንዳታጠፊ፤ መሐሉ ላይ የምታይው የቡና ጠብታም የኔ ነው። እስከ ፋሲካ መልሽልኝ፤ ሌላ ቅጂ የለኝም።