ጠባሳ የያዘ ጉበት ይመለሳል?

ጥያቄ፦ ወንድሜ በሄፓታይተስ ቢ ምክንያት ጉበቱ ሲሮሲስ ደረጃ ደርሷል ተባልን። መጠጥ ቀምሶ አያውቅም። እንዴት እዚህ ደረሰ? የሚመለስበትስ መንገድ አለ?

መልስ፦ ሲሮሲስ የጠጪ በሽታ ነው የሚለው ወሬ ብዙ ሕመምተኛ ያለ ጥፋቱ አሸማቅቋል። በአገራችን ከዋና መንስኤዎቹ አንዱ ይኸው ቫይረስ ነው፤ ብዙዎችም የሚያዙት ገና በልጅነታቸው ነው።

ጉበት ውስጥ ቫይታሚን ኤ የሚያከማቹ፣ ስቴሌት የሚባሉ ሕዋሳት አሉ። የሰውነት መከላከያ ቫይረሱ የገባባቸውን የጉበት ሕዋሳት ለዓመታት ሲያጠቃ፣ ስቴሌቶቹ ጠባያቸውን ይቀይሩና ኮላጅን የተባለ ጠንካራ ፕሮቲን ማምረት ይጀምራሉ። ቆዳ ላይ ቁስል ሲሽር እንደሚቀረው ጠባሳ ነው፤ እዚህ ግን ቁስሉ አይደርቅም፣ ጠባሳውም መጨመሩን አያቆምም። ጉበቱ በጠባሳ ተሞልቶ ሲጠነክር፣ ማለትም ሲሮሲስ ሲሆን፣ ከአንጀት የሚመጣው ደም ማለፊያ ያጣል። ሆድ ውሃ የሚቋጥረው፣ አንዳንዱም ደም የሚያስታውከው በዚህ የተነሳ ነው።

ቫይረሱ ሲገታ ግን ስቴሌቶቹ ይረግባሉ፣ ሰውነትም ኮላጅኑን ቀስ በቀስ ይሰብረዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ሲሮሲስ ከነበራቸው 96 ሕሙማን 71ዱ ቴኖፎቪር የተባለውን ፀረ ቫይረስ መድኃኒት ለ5 ዓመት ከወሰዱ በኋላ በናሙና ምርመራ ሲሮሲስ አልተገኘባቸውም። ይህ ትልቅ ተስፋ ነው። በጣም ለገፋ ጉበት ግን ንቅለ ተከላ ብቻ ሊቀር ይችላል።

ወንድምዎ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጥ፤ ቫይረሱ ክፉኛ ሊያገረሽ ይችላል። በየ6 ወሩ በአልትራሳውንድ ለጉበት ካንሰር ይታይ። እርስዎና እህት ወንድሞችዎም ተመርመሩ፤ ነጻ የሆነውና ያልተከተበው ይከተብ።