የትኛው ሽጉጥ ይበልጥ ይራገጣል?

በአሜሪካ የዒላማ ተኩስ ሜዳዎች ለብዙ ዓመታት ያልበረደ ክርክር አለ። አንዱ ተኳሽ ከኮልት ኤም 1911 የሚሻል ሽጉጥ አልተሠራም ሲል፣ ሌላው ግሎክ 17ን ያወድሳል። ሁለቱም ምክንያታቸውን ሲጠየቁ መልሳቸው ይመሳሰላል፤ «የእኔው ብዙም አይራገጥም፤ ለእጅ ይመቻል» ይላሉ። ነገሩን የግል ምርጫ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ክርክሩን ወደ ሞመንተም ሕግ ወስደን ስንመዝነው ግን ሁለቱም ተኳሾች እውነት ሊናገሩ እንደሚችሉ እንረዳለን።

በቅድሚያ ሁለቱን እናስተዋውቅ። ኤም 1911 የጆን ብራውኒንግ ንድፍ ሲሆን፣ የአሜሪካ ጦር የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። አካሉ ብረት ነው፤ ከባዶ ካዝናው ጋር 1.1 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ካዝናው ባለ 45 ካሊበር ሰባት ጥይት ይይዛል። ግሎክ 17 የኦስትሪያ ሥራ ነው፤ የአገሩ ጦር እ.ኤ.አ. በ1982 ተቀብሎታል። እጀታው ከፖሊመር የተሠራ በመሆኑ ከባዶ ካዝናው ጋር 0.7 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል፤ የሚይዘው 17 ባለ 9 ሚሊ ሜትር ጥይት ነው። ሁለቱም ከፊል አውቶማቲክ ናቸው፤ ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ይተኮሳል፣ ቀለሁን አስወጥቶ ተከታዩን ጥይት ለማጉረስ የሚያገለግለውም የርግጫው ኢነርጂ ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። የባለ 45 ካሊበሩ አረር 15 ግራም ያህል ሆኖ በሰከንድ 250 ሜትር ይወጣል፤ ሞመንተሙ 3.75 ኪ.ግ.ሜ/ሰ ነው። የ9 ሚሊ ሜትሩ አረር 8 ግራም ሆኖ በሰከንድ 350 ሜትር ቢወጣ ሞመንተሙ 2.8 ይሆናል። እዚህ ላይ ያቆመ ሰው ኮልቱ በአንድ ሦስተኛ ይበልጣል ብሎ ይፈርዳል። ነገር ግን ሽጉጡ ወደኋላ የሚሄድበትን ፍጥነት ለማግኘት ሞመንተሙን ለሽጉጡ መጠነ ቁስ ማካፈል ያስፈልጋል። ጥይት የሞላው ኮልት 1.25፣ ጥይት የሞላው ግሎክ ደግሞ 0.91 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ውጤቱ በሰከንድ 3.0 እና 3.1 ሜትር ነው፤ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል! (የባሩዱ ጋዝ የሚጨምረውን ድርሻ ለስሌት ቅለት ትተነዋል።) በኢነርጂ ስናወዳድር ግን ኮልቱ 5.6 ጁል፣ ግሎኩ 4.3 ጁል ስለሚሆኑ ልዩነቱ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ «ርግጫ» የሚለው አንድ ቃል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ መጠኖችን ሸፍኖ ይዟል።

ይህም ብቻ አይደለም። የግሎኩ 17 ጥይቶች በአንድነት 0.2 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናሉ፤ ይህ ከሙሉው ሽጉጥ አንድ አምስተኛ በላይ ነው። ካዝናው ባዶ ሆኖ የመጨረሻው ጥይት ሲተኮስ የግሎኩ የርግጫ ፍጥነት ወደ 4.0 ሜትር በሰከንድ ያድጋል፣ የኮልቱ ግን 3.4 ላይ ይቆማል። አንድ ሁለት ጥይት ተኩሶ የሚፈርድና ካዝናውን ጨርሶ የሚፈርድ ሰው ለየቅል ምስክርነት ቢሰጡ ሊደንቀን አይገባም።

ከርግጫ ይልቅ ችላ የሚባለው ቃታው ነው። በኮልቱ መዶሻው አስቀድሞ ስለተቀሰረ የቃታው ሥራ መልቀቅ ብቻ ነው፤ ጉዞውም አጭር ነው። የግሎኩ ቃታ ግን መምቻውን ወደኋላ ስቦ ይጨርሳል፤ ይህም 25 ኒውተን ያህል ኃይል ይጠይቃል። የሙሉው ሽጉጥ ክብደት ደግሞ 9 ኒውተን ብቻ ነው። ጣታችን በሽጉጡ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ከሽጉጡ ክብደት ሦስት እጥፍ ሊደርስ ምንም ያህል አይቀረውም ማለት ነው! ጣቱ በትንሹ እንኳ ወደ ጎን ከገፋ ዒላማው ተሳተ። ጀማሪዎች ይህን ስሕተት በርግጫ ያሳብባሉ። ሆኖም አረሩ ከቱቦው ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ አንድ ሺሕኛ ሰከንድ ገደማ ነው። የሰው ምላሽ ደግሞ፣ በቤተ ሙከራ የሚወድቅ ማስመሪያ ይዛችሁ እንደለካችሁት፣ 0.2 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ከተኩሱ በፊት የተንቀጠቀጠ እጅ የተንቀጠቀጠው ገና ያልመጣውን ርግጫ ፈርቶ ነው።

የእጅ መጠንም የራሱ ድርሻ አለው። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1985 ኮልቱን በባለ 9 ሚሊ ሜትሩ ቤሬታ ሲተካ፣ እጀታው ወፍራም በመሆኑ እጃቸው ትንሽ የሆነ ወታደሮች ተቸገሩ፤ ጣታቸው ቃታው ላይ በቅጡ አልደረሰም። በ2017 የተመረጠው የሲግ ሳወር ሽጉጥ እጀታው በትንሽ፣ በመካከለኛና በትልቅ መጠን ይለዋወጣል። በእኛ አመለካከት ይህ ለውጥ ስለ ካሊበር ከተደረገው ክርክር ሁሉ ይበልጥ ጠቃሚ ነበር።

ለመለማመጃ ያህል፣ ስሙ ለአገራችን አንባቢ እንግዳ ያልሆነውን ማካሮቭን እንውሰድ። አረሩ 6 ግራም፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 315 ሜትር፣ ጥይት የሞላው ሽጉጥ ደግሞ 0.81 ኪሎ ግራም ያህል ነው። የርግጫ ፍጥነቱን አስሉ፤ ከሁለቱም ያነሰ ታገኛላችሁ። ታዲያ ብዙ ተኳሾች የማካሮቭ ርግጫ እጅን ይነርታል የሚሉት ለምንድን ነው? ለፍንጭ ያህል፦ በኮልትና በግሎክ ቱቦውና በላዩ የሚንሸራተተው ብረት መጀመሪያ ተቆላልፈው አብረው ወደኋላ ይሄዳሉ፤ በማካሮቭ ግን ቱቦው ከአካሉ ጋር የተጣበቀ ነው።