የጎርጎራዋ ቀይ ጽጌረዳ ከየት መጣች?

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከጎርጎራ ነው። እናቴ ግቢ ክረምት ከበጋ የምታብብ አንዲት ቀይ ጽጌረዳ አለች። ቁራጯን ያመጣችው ከአያቴ ግቢ ነው። የሰፈራችን ሽማግሌዎች «ፖርቹጋሎች ናቸው ያመጧት» ይላሉ። እኔና ሁለት ጓደኞቼ እንዲህ ያሉ የድሮ ጽጌረዳዎችን መሰብሰብ ጀምረናል። ሆላንድ ያለው አጎቴ «ቁራጭ በፖስታ እልክልሃለሁ፤ አንተ ደግሞ ቀጋ ላክልኝ» ብሎኛል። አንዱ ጓደኛዬ ደግሞ ባሕር ዳር አበባ መሸጫ ከሚገኘው እቅፍ አበባ ቆርጠን እንትከል ባይ ነው። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ከፖርቹጋሎቹ ልጀምር። ሽማግሌዎቹን ቅር ቢያሰኝም ነገሩ አያስኬድም። ለዐፄ ሱስንዮስ ጎርጎራ ላይ ቤተ መንግሥት የሠራው ኢየሱሳዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ እዚያው በ1622 እ.ኤ.አ. ሞተ፤ ከዐሥር ዓመት ገደማ በኋላ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጣ። (ፓኤዝ ስፔናዊ ነበር፤ እኛ ዘንድ ግን ግንብ የሠራ ሁሉ ፖርቹጋል ነው።) የዚያን ዘመን የአውሮፓ ጽጌረዳ በዓመት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነበር የምታብበው። ሳያቋርጡ የማበብ ባሕርይ የመጣው ከቻይና ጽጌረዳዎች ነው፤ እነሱም አውሮፓ ደርሰው ከሌሎቹ ጋር መዳቀል የጀመሩት 18ኛው ክፍለ ዘመን ሊያልቅ ሲል ነው። የእናትዎ ጽጌረዳ ክረምት ከበጋ የምታብብ ከሆነች የቻይናዎቹ ዘር አለባት፤ ዕድሜዋም ኢየሱሳውያኑ ጎርጎራ ላይ ከሠሩት ማርያም ግምብ ጋር አይገናኝም። ጣሊያን ጎርጎራን የጣና ወደብ ባደረገበት ዘመን ወይም ከዚያ ወዲህ ገባች ቢባል ለእውነት ይቀርባል። ዋጋዋ ግን አይቀንስም። ያለ መድኃኒትና ያለ ባለሙያ ከአያት ለእናት የደረሰች ተክል ለአካባቢው መስማማቷን አስመስክራለች፤ እኔ ብሆን ክምችቱን የምጀምረው ከእሷ ነው።

ለሰብሳቢ ግን አገራችን ከዚያ የሚበልጥ ነገር አላት። ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ አገር በቀል ጽጌረዳ ቀጋ ናት። እንግሊዛዊው ጆን ሊንድሊ በ1820 እ.ኤ.አ. ሮዛ አቢሲኒካ ብሎ በመጽሐፉ መዝግቧታል። አጥር አድርገናት፣ ፍሬዋን እረኛ እየለቀመ በልቶ፣ ጽጌረዳ መሆኗን ልብ የሚል ጥቂት ነው። ስታብብ ጠጋ ብለው ይዩአት፦ አምስት ነጭ ቅጠሎች፣ መካከሏ ላይ ቢጫ የወንዴ ዘንጎች፤ ከመሃላቸው ደግሞ የሴቴዎቹ ዘንጎች አንድ ላይ ተጣብቀው እንደ ቀጭን ምሰሶ ብቅ ይላሉ። በእናትዎ ጽጌረዳ ላይ እነዚሁ ዘንጎች ተለያይተው ነው የሚታዩት። ይህን በእጅ ማጉያ መነጽር ማየት ከለመዱ ብዙ ክርክር ይቀርልዎታል።

ሰብሳቢ ሊፈልጋት የሚገባትን ሁለተኛዋን ጽጌረዳ ፈረንጆቹ «የአቢሲኒያ ቅድስት ጽጌረዳ» ይሏታል። አሺል ሪሻር የተባለ ፈረንሳዊ በ1847 እ.ኤ.አ. በትግራይ አብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ውስጥ የምትተከል ብሎ ጽፎላታል። ኋላ እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ፍሊንደርስ ፒትሪ ግብጽ ውስጥ ሐዋራ ላይ ከሮማውያን ዘመን መቃብር የደረቁ የአበባ ጉንጉኖች ሲያወጣ፣ ቤልጅጋዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፍራንሷ ክሬፔን መርምሮ ከዚችው ከትግራይዋ ጋር አንድ ናቸው አለ። ከክርስትና ጋር ወደ እኛ የመጣች ትሆናለች የሚለው ግምትም ከዚያ የተነሣ ነው። አውሮፓ ያሉ ችግኝ ቤቶች ዛሬም ይሸጧታል፤ እርስዎ ግን ከደብር ደብር ዞረው ሊፈልጓት ይችላሉ። ነጠላ ናት፤ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ቀለም አላት፤ ዝቅ ብላ ትንሰራፋለች፤ የምታብበውም በዓመት አንዴ ነው። ጣና ዳር ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ብርድ ያንሳታል። እኔ ብሆን በደባርቅና በደብረ ታቦር በኩል ያሉ የቆዩ አድባራትን አስቀድማለሁ። አለቃውን ሳያስፈቅዱ ቅጽር ውስጥ መቀስ አይምዘዙ፤ ከሥር መንቀልማ ጭራሽ አይታሰብም።

የአጎትዎ ነገር፦ በፖስታ እንዳይልኩ። ተክል ወደ አገር የሚገባው አስቀድሞ በተሰጠ የማስገቢያ ፈቃድና ከመነሻው አገር በሚሰጥ የጤንነት ምስክር ወረቀት ነው። ያለዚያ አንዲት ቁራጭ ይዛ የምትመጣው በሽታ ለእርስዎ ግቢ ብቻ አይቀርም። ቀጋ መላኩም እንዲሁ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የአገር ሀብት ስለሆነች ያለ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ አትወጣም። አጎትዎ በደንቡ መንገድ የሚልኩ ከሆነ የቻይናና የሻይ ጽጌረዳ የሚባሉትን ወገኖች ይጠይቋቸው። ጋሊካና ሴንቲፎሊያ ከባድ ብርድ ካላገኙ ቅጠል ብቻ ናቸው።

እቅፍ አበባውን ይተዉት። አብዛኛው የተመዘገበ ዝርያ ስለሆነ አባዝቶ መሸጥ በዕፅዋት አዳቃዮች መብት አዋጅ ያስጠይቃል። ከዚያም በላይ እነዚህ አበቦች እርሻ ላይ የሚያድጉት ብዙውን ጊዜ ናታል ብራየር በሚባል በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ ተቀጥለው ነው። በራሳቸው ሥር ዋልካ ላይ ሲቆሙ ደካሞች ናቸው። ማቀዝቀዣ ውስጥ ሰንብቶ የመጣ ዘንግ ሥር ማውጣቱም ያጠራጥራል።

አሁን ወደ እናትዎ ጽጌረዳ። ዶፉ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ መስከረም አጋማሽ ላይ፣ አበባዋ ገና የረገፈ የእርሳስ ውፍረት ያለው ዘንግ ይምረጡ። እሾኹ በአውራ ጣት ሲገፋ ቀጭ ብሎ ከተነሣ ዘንጉ ደርሷል። አንድ ስንዝር ያህል አድርገው፣ ከታች ከአንጓው ሥር፣ በበረኪና ውኃ በተጠረገ መቀስ ይቁረጡ፤ ከላይ ሁለት ቅጠል ትተው ሌላውን ያርግፉ። ግማሽ አሸዋ፣ ግማሽ የበሰለ ብስባሽ በሞላ የችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ ግማሹን ቀብረው፣ ቂጡ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ይድፉበት፤ ከዛፍ ጥላ ሥር ያስቀምጡት። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ሳብ ሲያደርጉት እምቢ ካለ ሥር ይዟል። ዋልካው ላይ ሲያዛውሩ መደቡን ከመሬት ከፍ ያድርጉ፤ ጽጌረዳ እግሯ ውኃ ላይ ሲቆም ትሞታለች። ባሕር ዳር ላለ ወዳጅ በጀልባ የሚልኩ ከሆነ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልለው በፌስታል ማሠር ይበቃል።

ስም የማታውቁላትን ጽጌረዳ ስም አትፍጠሩላት። ቤርሙዳ ደሴት ላይ ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የጽጌረዳ ማኅበር ማንነታቸው ያልታወቀ ጽጌረዳዎችን በተገኙበት ቦታ ስም ይጠራል፤ «ስሚዝስ ፓሪሽ» የሚሏት አንዷ ናት። እናንተም «የጎርጎራ ቀይ» በሏት፤ ከማን ግቢ፣ በየትኛው ዓመት እንደተወሰደች ደብተር ላይ ጻፉ፤ ቁራጭ ስትሰጡም ወረቀቱን አብራችሁ ስጡ። አንድ ተክል ደግሞ ቢያንስ በሦስታችሁም ግቢ ይኑር።

ዘሯን ለይቼ እንድነግርዎ የአበባዋን ፊትና ጀርባ፣ አንድ ሙሉ ቅጠል፣ እሾኹ የሚታይ ዘንግና ፍሬ ካላት ፍሬዋን በቀን ብርሃን ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ።